ድንኳኑን የጣልኩት ለዳይኖሰሮችህ ነበር

ሞጣ፣ የካቲት 2017 ዓ.ም.

ውድ ይታገስ፣

ስልክህ «ማግኘት አይቻልም» ማለት ከጀመረ አሥራ አንድ ወር ሆነው። ቴሌግራም ላይ የጻፍኩልህ ሁሉ ሳይነበብ ተደርድሮ ቁጭ ብሏል። ይህን ግን በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ ነው የምልክልህ። እንዲህ ያለው ጥፋት በአጭር መልእክት አይነገርም። እናትህን ጎድቻቸዋለሁ። ከሌላ ሰው ሳትሰማው እኔው ልንገርህ።

በመተማ በኩል ከመውጣትህ በፊት አደራ ያልከኝ ካርቶን አክስቴ ውቢት ቤት፣ አልጋዬ ሥር ነበር። ከሰልባጅ ክምር ውስጥ አንድ በአንድ የለቀምካቸው ዘጠኝ የፕላስቲክ ዳይኖሰሮች፤ ከቢቸና ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ወርደን ከኖራ ድንጋዩ ያወጣናቸው አሥራ አራት ዛጎሎች፤ ያቺ «የዳይኖሰር ጥርስ ናት» ያልካት፣ እኔ «ድንጋይ ናት» ስልህ ሦስት ቀን ያኮረፍክባት ቁራጭም። ሁለት የጂኦሎጂ ምሩቃን ያፈራነው ንብረት ይኸው ነው። አንተ ሄድክ፣ እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው የሥራ ማመልከቻ ሳባዛ እውላለሁ። ቤት ስገባ ካርቶኑን ከፍቼ፣ እነሱን ፊቴ ደርድሬ እራቴን እበላለሁ። አትሳቅ። ሌላ የማወራው ሰው የለኝም።

አንድ ቀን ግን፣ ለምን ሰው አያያቸውም? አልኩ። የሞጣ ተማሪ ዳይኖሰርን በስልክ ብቻ እያየ ለምን ያድጋል? ምናልባት አንድ መምህር አይቶ ትምህርት ቤቱ ይጠራኛል፤ ምናልባት ከዚያ ትንሽ ሙዚየም... ታውቀኛለህ፣ አንዴ ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም። ቤታችን ጠባብ ነው፤ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር አስፈለገኝ። አክስቴ የእድር አባል ናት፣ ያን ሰሞን ግን ለሕክምና ባሕር ዳር ሄዳ ነበር። ስለዚህ የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ዘንድ ራሴ ሄድኩ።

«ጋሼ ፋንታ፣ ለቅዳሜ ድንኳኑንና አግዳሚዎቹን ፈልጌ ነበር።»

«ለማን ነው ልጄ?»

«ለጓደኛዬ ለይታገስ። የቢቸና ልጅ ነው። ሰው ይመጣልኛል ብዬ ነው።»

ኮፍያቸውን አወለቁ። «ዕድሜው ስንት ነው?»

«ሃያ ስድስት።»

«አይ ልጅነት!» ብለው መጋዘኑን ከፈቱልኝ። ድንኳኑንም ራሳቸው ሰው አዝዘው አስተከሉልኝ። ለሳይንስ ያላቸው ክብር ገረመኝ። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ነጭ አንሶላ አነጠፍኩ። ዳይኖሰሮቹን በየቁመታቸው አቆምኩ፣ ዛጎሎቹን ከፊታቸው። መሀል ላይ በምረቃህ ቀን ጋውን ለብሰህ የተነሣኸውን ፎቶ አደረግኩ፤ ሰብሳቢው ማን እንደሆነ ሰው ይወቅ ብዬ። አሁን ሳስበው የቀረኝ ሻማ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የመጡት ጎረቤታችን እትዬ አስቻለች ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «እግዜር ያጥናሽ ልጄ» አሉኝ። ያኔ ገባኝ። «ኧረ እትዬ...» ልል አፌን ስከፍት፣ «ምንሽ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

ይታገስ፣ በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ስለ አንተ እኔን የጠየቀ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ። እናትህን ሰው ይጠይቃቸዋል፤ ወንድምህን ይጠይቀዋል። እኔን ምን ብሎ ይጠይቀኛል? አብራው የተማረች ልጅ ነኝ። ምንህ እንደሆንኩ አንተም አልነገርከኝ፣ እኔም አልጠየቅኩህም። መልሱን ስፈልግ እንባዬ ቀደመኝ። እትዬ አስቻለች ተነሥተው አቀፉኝ። እቅፋቸው ውስጥ ሆኜ እውነቱን መናገር አልፈለግኩም። ጥፋቴ ይኸው ነው። ትንሽ ልቆይ ብዬ ዝም አልኩ።

ትንሹ ግማሽ ቀን ሆነ። አግዳሚዎቹ ሞሉ። የማዶው ባለሱቅ ሐጂ እንድሪስ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ጠረጴዛውን ሲያዩ ቆይተው ከጎናቸው ለተቀመጠው ሰው በለሆሳስ፣ «መጫወቻው የማን ነው? ልጅ ነበረው እንዴ?» አሉት።

«ሳይኖረው አይቀርም። ምስኪን!»

ሰማኋቸው። አሁንም ዝም አልኩ። «ይታገስ ልጅ ትቶ ሞተ» የሚለው ወሬ ከቀትር በፊት በስልክ ቢቸና ገባ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናትህ ደረሱ። ነጠላቸው ተዘቅዝቋል፣ ድምፃቸው ተዘግቷል። ፎቶህን ሲያዩ ይጮኻሉ ብዬ ፈራሁ። ዞር ብለውም አላዩት። ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡና ሁለቱንም ትከሻዬን ያዙኝ።

«ልጁ የት አለ?»

«የቱ ልጅ፣ እትዬ ወይንእሸት?»

«የይታገስ ልጅ ነዋ! አሳዪኝ፣ አልቆጣሽም። ካንቺ ነው የወለደው? ወንድ ነው ሴት?»

«ልጅ የለም እትዬ» አልኳቸው። «የሞተም የለም። ስለ እሱ የሰማሁት ምንም ነገር የለም። ይሄ ኤግዚቢሽን ነው።»

«ምንድን ነው?»

«የሰበሰባቸውን ዕቃዎች ለሰው ማሳያ። ሰው ለቅሶ መስሎት መጣ። እኔም ዝም አልኩ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«የሚያጽናናኝ ሰው ስላልነበረኝ።»



«እኔ» አሉ እናትህ፣ «አሥራ አንድ ወር ሙሉ ለቅሶ ተቀመጪ ያለኝን ሁሉ ከደጄ መልሻለሁ። አልሞተም ብዬ ከገዛ እህቴ ጋር ተጣልቻለሁ። አንቺ ድንኳን ጣልሽበት!»

 በጥፊ ይመቱኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ገፈፉት፤ እንደ ወትሮው አዙረው ለበሱትና ወደ ሰዉ ዞሩ።

«እግዜር ይስጥልኝ። ልጄ አልሞተም። ለቅሶ የለም፤ ተነሡ። ከመጣችሁ አይቀር ግን የሰበሰበውን እዩለት።» ከዚያ ወደ እኔ፣ «በይ አስረጂያ! ለዚህ አይደል ሰው የጠራሽው?»

ከዳይኖሰሮቹ ጀመርኩ። አንገተ ረጅሙ ቅጠል በል እንደነበር፣ ባለሦስት ቀንዱ በምን እንደሚከላከል ተናገርኩ። ዛጎሎቹ ጋ ስደርስ፣ ከቢቸና በታች ያለው በረሃ በጥንት ዘመን ባሕር እንደነበረ ነገርኳቸው።

«ቢቸና ባሕር?» አሉ እትዬ አስቻለች። «ሞጣስ?»

«ሳትሆን አትቀርም።»

«እኛ በሳምንት አንዴ ለምትመጣ ቧንቧ ጀሪካን ይዘን ስንጋፋ፣ ለካ ባሕሩ አምልጦናል!»

ሐጂ እንድሪስ ሳቁ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ጥርስህ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። አምስት ሰው ካንተ ጋር ወገነ። እናትህ ግን ከእኔ ጋር ናቸው፤ ድንጋይ ናት ብለዋል።

እኔ ጋ አደሩ። በማግስቱ መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ አብረን ስንቆም ይቅርታ ጠየቅኳቸው። 

«ስሚ» አሉኝ። «ልጅ አለው ሲሉኝ ደስ አለኝ። ከነሞቱ ተቀበልኩት። እዚህ እስክደርስ መንገዱን ሙሉ ለልጁ ስም ሳወጣ ነበር። አሥራ አንድ ወር አልሞተም ያልኩት ሴትዮ፣ በአንድ ሚኒባስ መንገድ ቀበርኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ይሄን እንዳትነግሪው።»

ቃላቸውን አፍርሼ ነገርኩህ፤ ምን ያህል እንደደከማቸው እንድታውቅ።

እኔ ደህና ነኝ። ቅዳሜ ዕለት ከመጡት አንድ መምህር ዳይኖሰሮቹን ሰኞ ክፍል ይዤላቸው እንድገባ ጠይቀውኛል፤ እገባለሁ። ላንተም የማወራው ብዙ አለኝ። ምንህ እንደሆንኩ ልጠይቅህም ቆርጫለሁ። ይህ ግን ይቆያል። ስልክ ያገኘህ ቀን፣ ለአንድ ሰው ብቻ የመደወል ዕድል ቢኖርህ፣ ለእሳቸው ደውል። እኔ ከእሳቸው እሰማለሁ።

ብሩክታይት