ስምዖንን ጌም ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ

ለማዕዶት፣ ባሕር ዳር ከርመሽ አጎትሽን ለረሳሽው፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ወንድምሽ ስምዖን ከጦር ሜዳ ከተመለሰ ወዲህ ዝም ስላለ፣ ላጫውተው ብዬ ሲግናል ሰፈር ያለ ጌም ቤት ወሰድኩት። ባለቤቱ «ወታደር መጣ! ዛሬ ጉድ እናያለን!» ብሎ የጦርነት ጌም ከፈተ። ተኩሱ ሲጀምር ስምዖን መሬት ላይ ጣለኝና ከላዬ ተኛ። «ጋሼ፣ እንዳይነሱ!» ይለኛል ራሴን በክንዱ ሸፍኖ። ያ ባለጌ እየሳቀ በስልኩ ቀረጸን። ስልኩን በከዘራዬ ሰበርኩለት፤ የራሴንም አናት ብመታው ደስ ባለኝ።

ስምዖን በየጠዋቱ ብቻውን እንጦጦ ይወጣል፤ እኔም «ለጤናዬ ነው» እያልኩ እከተለዋለሁ። ትናንት እንደሚሰናበት ሰው የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ «እርስዎ ያዙት፣ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አለኝ። ጮህኩበት፤ መልሼ እጁ ላይ አሰርኩለት።

ለበዓል እመጣለሁ ብለሽ አትጠብቂ፤ ነገ ተሳፈሪ። እኔን ለመሳደብም ቢሆን ነይ። እንጦጦ ማርያም በሰላም ታምጣሽ።

አጎትሽ ተክለብርሃን