አባዬ ምክትል ሚኒስትር ሆነ

ይድረስ አክራ በነርስነት ለምትለፊው እህቴ ሲያ፤ እንደምን ከርመሻል? እኛ ሞንሮቪያ በሳቅ ልንሞት ነው።

ፕሬዚዳንቱ አባዬን የገንዘብ ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር አድርጎ ሾመው! ራሱ አባዬም የሰማው እንደ ማንም ሰው ከሬዲዮ ነው፤ የጎረሰውን ሩዝ ማኘክ ረሳ። ወዲያው ጎረቤታችን ዶሎ ነጭ ዶሮ ታቅፎ ከች አለ።

«ክቡር ሚኒስትሩ አሉ?»

«ትናንት ‹ያ ችጋራም አስተማሪ› ያልከውን ነው?» አልኩት። እማዬ ቆነጠጠችኝ። ዶሮውን ግን ተቀበልን።

ሴኔት ፊት ሲቀርብ አንዱ ሴናተር «ልጅህን ትምህርት ቤት ማቆየት ያቃተህ ሰውዬ፣ ሚኒስቴር እንዴት ልትመራ ነው?» አለው። እኔን ማለቱ ነው፤ ተነስቼ ልሰድበው ስል አባዬ ቀደመኝ፦ «ልጄ ኩምባ በጀቱን ብትይዘው ከክቡርነትዎ ትሻላለች።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ሹመቱም ጸደቀ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ከረባቱን የማስርለት እኔ ነኝ፤ የሸሚዙን ቁልፍም እቆልፍለታለሁ። «ሹም በገዛ እጁ አይለብስም» እያለ ያስቀኛል። ሻይም የምቀዳለት እስከ ግማሽ ብቻ ነው፤ ከሞላ ሸሚዙ ላይ ይደፋዋል። ቃለ መሐላ ሲፈጽም ቀኝ እጁን አነሳና በግራው ደግፎ ያዘው። ሰው ሁሉ «ደስታው ነው» ብሎ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

እማዬ ትስምሻለች፤ ይህን ደብዳቤ ግን አላሳየኋትም። አንገትሽን አቅፌ ሳምኩሽ። እንኳን ደስ አለህ ልትይው ከፈለግሽ ደግሞ በስልክ አይሆንም፤ ቶሎ መጥተሽ እጁን ጨብጪው።

ቁጡዋ እህትሽ ኩምባ