ማዕድ ያልተዘረጋለት ልጅ

ላ ፓዝ፣ ኖቬምበር 9 ቀን

ለባለቤቴ ለባሲሊያ፤

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? የላማ መንጋችንን ለወንድምሽ አደራ ብዬው ነበር፤ እሱ እንቅልፋም ስለሆነ አንቺው ብቅ እያልሽ እያቸው። እኔ እግሬ ከመላጡ በቀር ደህና ነኝ። "ዊልመርን ሳትይዝ እንዳትመለስ" ብለሽ ከሸኘሽኝ ይኸው አሥራ አንድ ቀኔ። ልጃችን ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖት፣ በአሥራ አንድ ቀን ማን ያገኘዋል?

ከተማው ገደል ውስጥ የተደፋ ነው። እኔ የደጋው ሰው እንኳ ደረጃው ወገቤን ቆረጠው። ፎቶውን ያላሳየሁት ሰው የለም። አንዱ የታክሲ ረዳት አየት አደረገና "አባት፣ እዚህ አገር እኔም ራሴን ፈልጌ አጥቻለሁ፤ ይልቅ ግባና ተቀመጥ" አለኝ። ባለጌ! በገመድ በሚሄደው ሳጥን ተሳፍሬ ከላይ ግቢ ግቢውን ስቃኝ ዋልኩ። በየግቢው የታጠበ ልብስ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፣ ሰው ግን አይታይም።

ከከተማው በላይ፣ ኤል አልቶ በሚባለው ሰፈር ደግሞ ሌባ ለማስፈራራት ሰው የሚያህል አሻንጉሊት በየመብራት እንጨቱ ይሰቅላሉ። አንዱ እንደ ዊልመር ሰማያዊ ሹራብ ለብሷል። ነፋሱ ፊቱን እስኪያዞርልኝ ሥሩ ቆሜ ጠበቅሁ። ገለባ ነው። አፍሬ ሄድኩ።

ትናንት የራስ ቅሎች በዓል ነበር። በእኛ ቀበሌ አይደረግም እንጂ፣ እዚህ ብዙ ሰው ቤቱ የሚያኖረውን የራስ ቅል አበባ ደፍቶለት፣ ሲጋራ አጉርሶት ወደ መካነ መቃብሩ ይዞት ይወጣል። ቅሉ ቤት ይጠብቃል፣ ስሙንም በሕልም ይናገራል ይላሉ። እኔ ሰው ስለሚበዛ ፎቶውን ላሳይ ብዬ ሄድኩ።

ኒዬቬስ የምትባል አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ የራስ ቅል ታቅፋ ተቀምጣለች። ቆቡ ላይ በቀይ ክር "ዊልመር" ተብሎ ተጠልፏል። አጠገቧ ተንበረከክሁ።

"እባክሽ እናቴ፣ ጥርሱን ልየው" አልኳት።

"እየው፣ አይነክስም።"

ጥርሱ ሙሉ ነው። የእኛ ልጅ የፊት ጥርሱን ላማ ረግጦ እንደሰበረበት ታውቂያለሽ። ከደስታዬ ብዛት ሳቅሁ። "ልጄ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም" አልኳት።

"እንዴት ይሆናል? ከአያቴ የወረስኩት ነው። ቤታችን ስልሳ ዓመት ኖሯል።"

"ስሙንስ ማን አወጣለት?"

ፈገግታዋ ጠፋ። "ስልሳ ዓመት ስም አልነበረውም። የዛሬ ሦስት ዓመት በሕልሜ መጣና 'ዊልመር ነኝ' አለኝ። ድምፁ ተለውጧል፤ የልጅ ሆኗል። ሲጋራ ስሰጠው ያስለዋል። የተቆላ ባቄላ ነው የሚወደው፤ እሱንም 'ልጣጩን አንሺልኝ፣ ጥርሴ ተሰብሯል' ይለኛል። ይኸው ሙሉ ነው ብለው አይሰማኝም።"

"ሌላስ ምን ይላል?"

"'እናቴ ማዕድ ዘርግታልኛለች?' ይላል። አባቴ፣ የዚህ ነፍስ ቤተሰቦች ማዕድ ነፍገውታል። ርቦት የሌላ ሰው ቅል ውስጥ ገባ።"

ባሲሊያ፣ በየዓመቱ በሙታን ቀን ጎረቤቱ ሁሉ የሞተበት ሰው ነፍስ መጥታ እንድትበላ ማዕድ ሲዘረጋና ዳቦ ሲጋግር፣ አንቺ "የእኔ ልጅ አልሞተም" ብለሽ ምድጃሽን ሳታነጂ ትውያለሽ። እኔም ዝም አልኩሽ። ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ እኔም ልቤ እምቢ ብሎኝ ነው።

ባቄላ ገዛሁ። መሬት ቁጭ ብዬ እየላጥኩ ከፊቱ አኖርኩለት። ኒዬቬስ "አንተ ንገረው፤ እኔን ማመን ትቷል" አለችኝ። ዋሸሁት። "እናትህ ዘርግታልሃለች። ዳቦውን በመልክህ ዓይንና አፍ አበጅታለት፣ ስምህንም ጠርታ" አልኩት። ከዚያ በኋላ አለቀስኩ፤ ሰው እያየኝ።

ዛሬ ጠዋት ሽንኩርቷን ከምትሸጥበት ሄድኩ። ፊቷ አመድ መስሏል። በሕልሟ ተሰናብቷታል፤ "ቤቴ ልበላ እየሄድኩ ነው፣ በእግሬ ነኝ" ብሏታል። ከቅሉ ላይ ያወለቀችውን ቆብ ሰጠችኝ። ቅሉ እንደ ድሮው ስም የለውም፣ ባዶ ነው አለችኝ።

ደብዳቤውን የአውቶቡሱ ሹፌር ነገ ያደርስልሻል። በእኔ ተቀየሚ፣ ከፈለግሽም ስደቢኝ፤ ብቻ ዛሬ ነገ ሳትዪ ዱቄቱን አቡኪ። እግዚአብሔር እጅሽን ያበርታው። ልጁን ዋሽቼ የላክሁት እኔ ነኝ፤ ባዶ ቤት እንዳይደርስብን።

ባልሽ ሜሊቶን