ወደ ኋላ የሚዞረው ፓምፕ

ጥቅምት 4
ከከተማ ሊጠይቀኝ የመጣው የልጄ ባል ይጽፋል፣ እኔ እናገራለሁ። ድሮ ጸሐፊዬ ባለቤቴ ነበረች። አሁን ከተማ፣ ልጃችን ቤት ናት... የምትተነፍስበት ማሽን መብራት ይፈልጋል፤ እዚህ ደግሞ የለም። ስድስት ወሯ። ዛሬ ጎመን ሳርም ዋልኩ። ቤቱ ጭር ብሏል።

ጥቅምት 6
የመስኖውን ፓምፕ አጠፋሁ። ውሃ እንዳይመለስ የሚያግደውን ክዳን ለማጽዳት አውጥቼው ስለነበር ወደ ኮረብታው ኩሬ የሰቀልኩት ውሃ በቧንቧው ተመልሶ መጣ፤ ፓምፑ ወደ ኋላ ተሽከረከረ። ረገምኩት። ሠላሳ ዓመት የረገምኩት ነው።
«አይርገሙት አባባ፣ ይሄ እኮ መብራት ነው» አለኝ አማቼ።
ሳቅሁበት። ሽቦ ሲነካካ የሚውል ሰው... ግን ቢሆንስ?

ጥቅምት 15
ከላይኛው ምንጭ እስከ ኩሬው ቦይ ቀደድን፤ ኩሬው እንዳይጎድል። በሰባ ስምንት ዓመቴ ከሱ እኩል ቆፈርኩ። እሱ ነው ቀድሞ የተቀመጠው። ጻፍ!

ጥቅምት 19
የናፍጣውን ሞተር ፈትቶ በቦታው ዲናሞ አሰረ። ቧንቧው ተከፈተ። ምንም። አምፖሉ አልበራም።
«ሽቦህን ጠቅልለህ ሂድልኝ!» አልኩት። ሽቦውን እንደገና መፈተሽ ጀመረ። ይሄ ባሰብኝ።

ጥቅምት 20
ጥፋቱ የኔ ነው። ትናንት ጠዋት ፓምፑን ስወለውል ክዳኑን መልሼ ከትቼዋለሁ... የለመደ እጅ። ውሃው ተዘግቶበት በየት ይምጣ?
«ይሄም ይጻፍ አባባ?»
«በትልቁ ጻፈው!»
ክዳኑን ራሴ አወጣሁ። ፓምፑ ወደ ኋላ ዞረ፤ አምፖሉ በጠራራ ፀሐይ ቦግ አለ። ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ። ስለ አቧራው አትጻፍ ብዬዋለሁ።

ኅዳር 2
አሥራ ሦስት ቀን፣ መብራቱ አንዴም ሳይቋረጥ። የባለቤቴ ሐኪም «መጠባበቂያ የኦክስጅን ሲሊንደር ካለ ትመለስ» አለ። ሲሊንደሩ አልጋዋ አጠገብ ቆሟል።
አማቼን ምን ልበለው?
«አንተ ሰውዬ...» አልኩት።
«እሺ አባባ» አለ። ገብቶታል።

ኅዳር 5
ዛሬ የምትጽፈው እሷ ናት። ማሽኑ መስኮቱ ሥር ያንጎራጉራል። ያለፉትን ገጾች አንብባ፣ «አቧራ ነው ያልከው?» ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ! እንዲህ ስትስቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ...
አማቼ ወደ ከተማ ሲመለስ ክዳኑን ይዞት ሄደ። «መልሰው ይከቱታል ብዬ ነው» አለ። እውነቱን ነው። የተባረከ ልጅ።
«እጄ ዝሏል፣ ይብቃህ» ትላለች። እሺ። የቀረውን ነገ እነግራታለሁ፤ እዚሁ ናት።