አባታችን የላከልህ በረዶ

ለምወድህ ወንድሜ ለጉልዛር፣

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላህ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? የባህሬን ሙቀት የሚያስነሳብህ ራስ ምታት ተወህ ወይስ አሁንም ያስቸግርሃል? አብረውህ የሚያድሩት ልጆችስ ደህና ናቸው? እኔ፣ ልጄ ሸምላና አክስታችን ራህቲ አላህ ይመስገን በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ስል ግን ብዕሬ እምቢ አለኝ።

ቆመህ እያነበብክ ከሆነ ተቀመጥ። ከጓደኞችህም አንዱን ጥራና አጠገብህ ይሁን። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር ጠፍቶኝ አይደለም፤ ከመጀመሪያው በረዶ ጀምሮ መንገዱ ተዘግቷል፣ ከዚህ ተነስቶ አንተ ዘንድ የሚደርስ ሰውም የለም። አባታችን ከአርባዎቹ የጽኑ ብርድ ቀናት በሃያ አራተኛው፣ ጁምዓ ጠዋት አረፈ። የመንደሩ ወንዶች በረዶውን ቀኑን ሙሉ ሲዝቁ ውለው እናታችን አጠገብ ቀበሩት።

መጀመሪያ የምትጠይቀኝን አውቃለሁ። ሸማውን ግማሽ አድርሰህ መሸመኛው ላይ ትተህ፣ ሳይመርቅህ ከሄድክ ሦስት ዓመትህ ነው። በእነዚያ ዓመታት ስምህ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። «ይቅር ብሎኛል ወይ?» ትለኛለህ። አልቅስ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

ከመኸር ጀምሮ ሳሉ አልጋ ላይ አውሎታል። አልጋውን መስኮቱ ሥር አደረግንለት። ብርዱ ክፉ ነበር፣ ደስታ ግን ጨርሶ አላጣንም። የፍም ማቀፊያ ቅርጫታችንን፣ ካንግሪውን፣ እሱ ካልሞላው አይሆንም፤ «እናንተ አመድ ነው የምታሳቅፉኝ!» እያለ ፍሙን አንድ በአንድ ይመርጥና ቅርጫቷን ከልብሱ ሥር ያቅፋታል። ከፍሙ ሥር ድንች ይቀብራል። የማናውቅ መስለን እንቀመጣለን፣ ሲሸት ጊዜ ያወጣና ለሸምላ ያካፍላታል። በበጋ በክር ሰክተን ያደረቅነውን ቲማቲም ስንቀቅል ቤቱ በጋ በጋ ይሸታል። መስኮቱ ላይ ሩዝ እየበተነ ድንቢጦችን ያለምድ ነበር፤ አንዷን ወፍራም «ራህቲ» ብሎ ሰየማት። አክስቴ አኮረፈች። «እኔ ነኝ ወፍራም? የልጆችህ እናት ብትኖር ይቺን ደፍረህ አትናገራትም ነበር!» አለችው። እሱ ግን ወፏን «ነይ ራህቲ፣ ነይ ብይ» ማለቱን አልተወም።

የመጀመሪያው በረዶ የወረደ ቀን ጠዋት ወረቀት አምጪ አለኝ። ወዲያው ገባኝ። መቼም ጨዋታችንን አልረሳኸውም፤ የመጀመሪያውን በረዶ ተጠቅልሎ ሲሰጡት ሳያውቅ በእጁ የተቀበለ ተበላ፣ የሥጋ ገንፎ፣ ሃሪሳ፣ አብስሎ ሰጪውን ያበላል። ሰጪው ሳያመልጥ ከተያዘ ደግሞ ዕዳው ወደ እሱ ይዞራል። አንድ ዓመት አባታችን «ከመምህርህ የተላከ ነው» ብሎ አስጨብጦህ በዋልነቱ ዛፍ ዙሪያ ሲሮጥ፣ አንድ ጫማው በረዶ ውስጥ ቀርቶ በባዶ እግሩ አመለጠህ። በየዓመቱ ታሳድደዋለህ፤ አንድ ቀን እንኳ ይዘኸው አታውቅም።

ሰማያዊ የስኳር ወረቀት ሰጠሁት። ከመስኮቱ ላይ በገዛ እጁ ዘግኖ ጠቀለለና «ለዚያ ላኪለት» አለኝ። እኔም ክፋቴ ነው መሰለኝ፣ «ለማን?» አልኩት። ፍሙን ቆሰቆሰ፣ እንደገና ቆሰቆሰ። «ለጉልዛር ነዋ! ሌላ ወንድ ልጅ አለኝ እንዴ?» አለ። ስምህን ከአፉ ስሰማ እንባዬ መጣ፤ እንዳያየኝ ወደ ምድጃው ዞርኩ። «አባዬ፣ ይቀልጣል እኮ» አልኩት። «ይቅለጣ! በእጁ ከተቀበለ ተበላ ነው፤ ቀለጠ አልቀለጠ የሚል ሕግ የት አለ? መጥቶ ሃሪሳዬን ያብላኝ። ሌላውን ነገር ትቼዋለሁ በይው» አለና ሳሉ እስኪያቋርጠው ሳቀ። ራህቲም ኩርፊያዋን ረስታ አብራ ሳቀች። ለካስ ነገሩ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ጥያቄው አንድ ሆነ፤ «መንገዱ ተከፈተ?» ገና ነው እለዋለሁ። በዚያ ጁምዓም ጠየቀኝ፣ ገና ነው አልኩት። እጁ ስለደከመ ካንግሪውን እኔ ሞላሁለት፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ «ዛሬስ ፍም መርጠሻል» አለኝ። የወፊቱን የራህቲን ሩዝ በትኜ ስመለስ ትንፋሹ የለም። ከቀብር በኋላ ካንግሪውን ስደፋ ከአመዱ ሁለት ድንች ወጣ። መቼ እንደቀበራቸው አላየሁትም። ቀዝቅዘው ነበር፤ ሦስታችን ተካፍለን እያለቀስን በላናቸው። ወንድሜ፣ ያቺ ቁራሽ ምን ያህል እንዳጽናናችኝ ልነግርህ አልችልም።

ራህቲ ዓይንህን ትስማለች፤ «ሳልሞት ይምጣ በይው» ብላለች። ሸምላ እጅ ትነሳሃለች፤ ድንቢጦቹን አሁን የምታበላው እሷ ናት። የራህቲ ስም የተሰጣት ወፍም ሳታሰልስ ትመጣለች። ጎረቤታችን ሰመድ ነገ በእግሩ ወደ ከተማ ስለሚወርድ ደብዳቤውን ፖስታ ቤት የማደርሰው በእሱ እጅ ነው፤ እሱም ሰላም ብሎሃል። አብረውህ ላሉት ሁሉ፣ በተለይ አሁን አጠገብህ ለተቀመጠው፣ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ሰማያዊዋን ወረቀት ካንግሪው ጎን አድርቄ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ከትቻታለሁ። ብትፈታት ከመጨማደዷ በቀር ምንም አታገኝም። ግን በእጅህ ተቀብለሃልና ተበልተሃል፤ ና፣ ሃሪሳውን በስሙ እናብላለት። ዘንድሮም አስጨብጦህ ሮጠ፤ ዘንድሮም አልያዝከውም።

እህትህ ዙና
ዋንጉንድ መንደር፣ ካሽሚር
ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1984