የሰው ቃል በእኔ አፍ

ሰኞ
ጆሮዬ ከዛሬ ጀምሮ የአብዮቱ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ጠዋት ስልክ ቤት መጥቶ ተረከበኝ። ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ የጠፋው ጌታነህ፣ የእትዬ ዘነበች ልጅ፣ እሁድ ለእህቱ ሰርግ ብቅ ይላል ብሎ ጠርጥሯል። «አንተ ከመስመሩ አትጠፋም፤ መቼ እንደሚመጣ ሰምተህ ንገረኝ» አለኝ። ልጁ ኮምቦልቻ እንዳለ አውቃለሁ፤ ሊቀመንበሩ አያውቅም። ስልከኛ የሰማውን ማውራት ክልክል ነው አልኩት።

«ለማን ነው ክልክል?»

ደንቡን የጻፈው ሰው አንኮበር ደርሶ አያውቅም።

ማክሰኞ
ጣርማ በር ላይ ነፋስ አለ መሰለኝ፣ መስመሩ ይንጫጫል። እንዲህ ሲሆን ደንበኛው ነገሩን ለእኔ ይነግረኛል። እኔ ከመጋረጃዬ ኋላ፣ በደህናው ማዳመጫ፣ ወደ ማዶ አደርስለታለሁ፤ የመጣውን መልስ ወደ አዳራሹ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ይሰማል። ቅር ያለው ሰው የለም።

ዛሬ የአሊዩ አምባው ነጋዴ ሐጂ ሰይድ ደሴ ያለ ሸሪካቸውን ሙልጭ አድርጌ እንድሰድብላቸው አዘዙኝ። «ሐጂ ትንሽ ቅር ብሏቸዋል» አልኩት። ሰውየው ይቅርታ ጠየቀ። ሐጂ ይቅርታውን ሲሰሙ «ወላሂ፣ አንተስ ስትሳደብ ታስፈራለህ» ብለው መረቁኝ።

ሐሙስ
ጌታነህ ደወለ። እትዬ ዘነበች ተጠርተው እንደተለመደው ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው መጡ። ሊቀመንበሩ አግዳሚው ላይ የከረመ ጋዜጣ ዘርግቷል። ነፋሱ አልቆመም።

«እማዬን ጠይቅልኝ፣ ልምጣ? ና ካለች ቅዳሜ እገባለሁ» አለኝ ልጁ።

«ልምጣ ወይ ይላል» አልኩ ለአዳራሹ። ቅዳሜን ዋጥኳት።

«ይምጣ እንጂ፤ እህቱን ያለ ወንድም ልድራት ነው?» አሉ እናት። ሊቀመንበሩ ጋዜጣውን አጠፈ።

ጎንበስ ብዬ፣ በቀስታ፣ «አትምጣ ይላሉ» አልኩት።

«እሷ ናት ያለችው?» አለኝ።

«እሳቸው ናቸው።»

ወደ አዳራሹ ዞሬ «አይመቸኝም ይላል» አልኩ። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። በአንድ መስመር ሁለት ሰው ዋሸሁ፤ ቁጠባ ማለት ይሄ ነው።

ዓርብ
ምን አገባኝ? ልጅን መጥራት የእናት መብት ነው። መምጣት አለመምጣትም የልጁ። እኔ ሽቦ ነኝ፤ ሽቦ አስተያየት የለውም። ግን ቢያዝስ? እትዬ ዘነበች አደጋውን ያውቁት ይሆን? ቤታቸው ሄጄ ብጠይቅ ሊቀመንበሩ ከእኔ ቀድሞ ይሰማል።

እሱ ከሰዓት በኋላ መጣ። እርግጠኛ ነህ አይመጣም? አለኝ። «ጓድ፣ አዳራሹ ሙሉ ሰምቷል» አልኩት።

እሁድ
ሰርጉ አማረ። አብዮት ጠባቂዎች ጠብመንጃቸውን ታቅፈው እንደ ዘመድ በሉ። ሊቀመንበሩ እየጎረሰ በሩን ያያል። ማንም አልገባ። ሙሽራዋ ስትወጣ ዞር ዞር ብላ አየች፤ እኔ ወደ ጠላዬ አቀረቀርኩ።

እትዬ ዘነበች ሊቀዱልኝ መጡና «ልጄ ረሳኝ» አሉኝ። ስልኩ በደንብ አይሰማም ነበር አልኳቸው። እውነቴን ነው። የማይጠቅም እውነት።

ማክሰኞ
እትዬ ዘነበች ብቻቸውን መጡ፤ ያለ ጎረቤት። ኮምቦልቻ አገናኘኝ አሉ። መስመሩ እንደ ሰሞኑ ነው። ላድርስልዎ ወይ አልኩ።

«አይ፣ አንተ አትልፋ። ማዳመጫህንም አውልቅልኝ። ባይሰማኝ እኔው ልድከም።»

አወለቅኩ። መስመሩ ቢቆረጥ ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ ይቆረጥ። ነጠላቸውን ከነስልኩ ተከናንበው ቆዩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ከኋላ አይለይም።

ሲወጡ ፊቴን ትክ ብለው አዩት።

«ጌታነህ ደህና ነው» አሉ።

«ሌላስ ምን አለ?»

«ሌላው የእኛ ነው።»

ተቀይመውኝ ይሁን አመስግነውኝ አላውቅም። ሊቀመንበሩ ማታ መጥቶ ምን እንደተባባሉ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ሳልዋሽ መለስኩ፤ አላመነኝም።