ያልተስማማዎት ውሃ

ውድ አማቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? ክንድዎ ላይ የወጣው ሽፍታስ ለቀቀዎት? እኛ ደህና ነን፤ እኔማ ከደህናም በላይ ነኝ። የቤቴ ውሃ መጥፎ መሆኑ እንዲህ ያስደስተኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ልጅዎን ሊያርሱ መጥተው፣ ገና ሳትወልድ ሻንጣዎን ሲያነሱ፣ በር ላይ ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ? «ውሃው አልተስማማኝም ልጄ፤ ሌላ ምንም የለም።» እኔም ጨዋ ስለሆኑ ነው አልኩ በልቤ። ሰው ከአማቹ ቤት ሲሸሽ በውሃ ያሳብባል እንጂ «አንተ አልተስማማኸኝም» ይላል እንዴ? ልጅዎም ምን ብለሃት ነው እያለች አኩርፋኝ ሰነበተች። ጥፋቴን ስፈልግ ከረምኩ። ማንኮራፋቴ ይሆን? ወይስ ጠዋት ጠዋት ገላዬን ስታጠብ መዝፈኔ? ለማንኛውም ዘፈኑን ተውኩት። እሷ ደግሞ ወሯ ገብቶ ሆዷ እየባባ፣ ደውይላት ስላት ወዳ ካልመጣች አልለምናትም ትለኛለች።

ባለፈው ቅዳሜ የሻወሩ ውሃ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር የቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። ፈቶ ቢያሳየኝ ቀዳዳዎቹ በነጭ ቅርፊት ተደፍነዋል። ውሃችሁ ኖራ ይበዛዋል፤ ሳሙና አረፋ አያወጣበትም፣ ቆዳ ያደርቃል፣ ፀጉር ያሻክራል አለኝ። ከዚያ ዕቃውን እየሰበሰበ እንደ ዋዛ ጠየቀኝ፦

«እዚህ ቤት የሚያሳክከው ሰው የለም?»

አማቴ፣ ሰውየውን አቀፍኩት። መፍቻውን እንደያዘ ደንግጦ ቆመ። ያ ለስላሳ ፀጉርዎ እንደ ገለባ መድረቁ፣ ማታ ማታ ክንድዎን ሲያክኩ ማምሸትዎ፣ ሁሉም ትዝ አለኝ። ለካ እውነቱን ነበር የነገሩኝ!

ማጣሪያ አስገጠምን። ሳሙናው አሁን አረፋ በአረፋ ነው፤ የልጅዎም ፀጉር ለማበጠሪያ እሺ ማለት ጀምሯል። ነገሩን ስነግራት ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ከዚያ በዚያ ሆዷ ክፍልዎን ላጽዳ ብላ ተነሳች። በግድ አስቀምጬ አንሶላውን እኔ ቀየርኩ።

ዛሬ ጠዋት ዘፈኔን ቀጠልኩ። ልጅዎ በሩን አንኳኳችና «ለዚህስ ማጣሪያ አልተገኘለትም?» አለችኝ። ከሄዱ ወዲህ እንዲህ ስትቀልድ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

እባክዎ ይምጡልን። የልጅ ልጅዎን መጀመሪያ የሚያጥቡት እጆች የእርስዎ ይሁኑ። ዘፈኔ ካስቸገረዎት ግን በቀጥታ ይንገሩኝ፤ ከእንግዲህ በውሃ ማሳበብ አይቻልም።

እንዳልተጠላ የተረዳው
አማችዎ